የዘርይሁን ባርኔጣ

የካቲት 30፣ እሑድ

ዘርይሁን ደወለ። በየእሑዱ የሚደውለው እሱ ነው። እኔ አልደውልለትም፤ ለታላቅ የሚደውለው ታናሽ ነው፣ እንዲህ ነው ያደግነው።

«እትዬ፣ ባርኔጣዬን የድሬዳዋ ነፋስ ነጠቀኝ» አለ።

«የት ወሰደው?»

«አሸዋው ላይ ሲንከባለል አንዲት ፍየል አገኘችውና ጠርዙን ቀመሰችው። እሱን አድርጌ ካናዳ ብመጣ፣ ይኼማ ከፍየል የተረፈ ሽማግሌ ነው ብለው ከአውሮፕላን ማረፊያ ይመልሱኛል።»

ሳቅሁ፤ ሳቄ ግራ ዓይኔን ወጋው። ሞራው ከተገፈፈ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። ሐኪሙ አትጎንበሺ፣ ከባድ አታንሺ፣ አትሺው፣ አታልቅሺ ብሏል፤ የተረጎመችልኝ ልጄ ፋናዬ ናት። እኔ የማለቅስበት ምን ምክንያት አለ?

ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ያገለገለ ሰው ራሱን ገልጦ ከቤት መውጣት አይሆንለትም። አዲሱን እኔ እገዛልሃለሁ፣ አንተ ብቻ በግንቦት ና አልሁት። ቪዛው ተመትቷል፤ ልጁ ብሩክታዊት ፎቶውን ልካልኝ አይቼዋለሁ። ከእኔ ጋር ይከርማል። ወንድሜ ከጎኔ ካለ ፋናዬ «ብቻሽን መኖር ይብቃሽ፣ ከእኛ ጋር ስካርቦሮ ግቢ» የምትለውን ታቆም ይሆናል። ይህን ቤት በላቤ ነው የገዛሁት። ከዚህ የምወጣው በራሴ እግር አይደለም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የዘርይሁን ክፍል ተሰናዳ። ፍራሹን ያመጡት ሰዎች ላስቲኩን ሳይገፍፉ ሊሄዱ ነበር። አስገፈፍኋቸው። አንሶላውን ሁለት ጊዜ ነው ያነጠፍሁት፤ የመጀመሪያው ማዕዘኑ አልቀናም።

ጠብታ፦ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ትናንት ዘርይሁን አልደወለም።

ዛሬ ፋናዬ ከነባሏ መጣች። ሰኞ የሆስፒታል ፈረቃዋ ነው። ሳትደውል መጥታ አታውቅም። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ምን ሆነሻል?»

«አለርጂ ነው፣ እማዬ።»

በረዶው ሳይቀልጥ አለርጂ። ሞራው ከተገፈፈ ወዲህ የሰው ፊት እንደ ታጠበ መስኮት ነው የሚታየኝ፤ ይህን አላሰበችበትም።

ከዚያ ስልኬን ወሰደች። «ስክሪን ለዓይንሽ ጥሩ አይደለም፣ ዶክተሩ ብሏል።» ለእኔ አላለም። በምትኩ የሕፃን መጫወቻ የሚመስል ቁልፍ ያለው ስልክ ሰጠችኝ። የሷና የባሏ የአቢይ ቁጥር ብቻ ነው ያለበት።

«ዘርይሁን ትናንት አልደወለም» አልሁ።

«ኔትወርክ ይሆናል» አለች።

አቢይ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ውሃው ብዙ ጊዜ ሲፈስ ቆየ። አቢይ ውሃ የሚያባክን ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ ያስተማርሁት።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ዳንፎርዝ ጎዳና ወርጄ ተናኜ ሱቅ ሄድሁ። ተናኜ በሽሮ ዋጋ ከእኔ ጋር ካልተከራከረች ቀኑ የማይመሽላት ሴት ናት። ዛሬ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ አቀፈችኝ። አልለቅም አለች።

«እትዬ ተሻለች፣ እንዴት ነዎት? ይበርቱ እሺ?»

«ታምሜያለሁ እንዴ?»

«ኧረ አልታመሙም። እንዲሁ ነው። ዓይንዎን ነው።»

ሒሳብ አልቀበልም አለች። ተናኜ በነፃ የሰጠችው ነገር ቢኖር ፌስታል ነው። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ስገባ ወሬ አቆሙ፤ ስወጣ ተነሥተው ቆሙ።

በአውቶቡስ ስመለስ ነገሩን አገናኘሁት። አምና አንዲት የማኅበራችንን ሴት ልጆቿ «አገር ቤት ደርሰሽ ነይ» ብለው ሸኟት። ስትመለስ ቤቷ ተሽጦ፣ ዕቃዋ በካርቶን ታስሮ፣ አልጋዋ የአረጋውያን ቤት ተዘርግቶ ጠበቃት። ያን ጊዜም አገር ሁሉ ቀድሞ አውቆ ነበር። ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ ትቼ ነው የወጣሁት። አትርሺው፣ ተሻለች።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ይኸው። ጃፓን እንሂድ አለች።

የልጅ ልጄ ኤልያና ታካማትሱ በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። «ናፍቃሻለች፤ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ሶስታችን አብረን እንሰነብታለን» አለችኝ።

«ሐኪሙስ?»

«ፈቅዷል።»

ስልክ ማየት የከለከለ ሐኪም በሰማይ መብረር ፈቀደ።

«ዘርይሁን ቢመጣስ?»

«የሱ ጉዞ ትንሽ ተራዝሟል፣ እማዬ። ወረቀት ጎድሎ።»

«ቪዛው ተመትቷል። አይቼዋለሁ።»

«ሌላ ወረቀት ነው።» ይህን ስትል የሻይ ማንኪያውን ነበር የምታየው።

ገባኝ። ወንድሜ ከመጣ ቤቱ ሰው ይኖረዋል፤ ሰው ያለበትን ቤት ደግሞ ማሻሻጥ አይመችም። ስለዚህ እሱን እዚያ ያስቀሩታል፤ እኔን ወዲያ ያርቁኛል።

እምቢ ልል ነበር። ነገር ግን ኤልያና መዋሸት አትችልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል። ከሷ አወጣዋለሁ። እሄዳለሁ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የማደሪያችን ኀላፊ ሣጥናችንን መፈተሽ አለመፈተሿን የምናውቀው በክር ነበር። መዝጊያው ላይ አንድ ቀጭን ክር አጋድሞ መሄድ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ የቁም ሣጥኔ ላይ አድርጌ ነበር።

ዛሬ ፋናዬ ጠብታ ልታደርግልኝ መጥታ ከሄደች በኋላ ክሩ መሬት ላይ ነበር። ዶሴዎቼ አልተነኩም። የተነካው ጥቁር ቀሚሴ ነው። ታጥቧል፤ የልብስ ንጽሕና ቤቱ ላስቲክ አለበት፤ የላላው ጠርዙም ተሰፍቷል። መቼ ወስዳ መቼ መለሰችው?

ዕቃዬን ከወዲሁ እያሰናዱት ነው። የሚገርመው ከጥቁሩ መጀመራቸው ነው።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ። ታካማትሱ

ደረስን። እግሬ አብጧል። ኤልያና ከስታለች። አንገቴ ሥር ገብታ «አያቴ፣ አያቴ» ብቻ አለች። ጆሮዋን ፀጉሯ ሸፍኖታል።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ወደ ገበያው ወሰደችን። ገበያ ልበለው እንጂ ጎዳና ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በመስተዋት ጣራ የተሸፈነ ጎዳና፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በአንደኛው መገናኛ ላይ ጣራው እንደ ጉልላት ከፍ ይላል። ከሥሩ ስቆም ሳላስበው ላማትብ እጄ ተነሣ፤ ዙሪያው የእጅ ቦርሳና የሽቶ ሱቅ መሆኑን አይቼ መለስሁት።

ቶሮንቶ ከመሬት በታች ባለው መተላለፊያ ክረምቱን ስመላለስ የኖርሁ ነኝ፤ ከብርድ መሸሽ ይገባኛል። እዚህ ብርዱ ይህን ያህል አይደለም። ከምን ነው የተሸሸጉት? አሮጊቶች በብስክሌት በእግረኛው መሐል ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ። ከሱቆቹ ብዙዎቹ የብረት መዝጊያቸውን አውርደዋል። ክፍት የሆኑት ፊት የቆሙት ሠራተኞች ላልገዛ ሰው እጅ ይነሣሉ። በነፃ እጅ የሚነሣ ሰው አላምንም። ጃንጥላዬን ይዤ ነበር፤ ከንቱ። ውጭ ዝናብ ይሁን ፀሐይ ከዚህ ጣራ ሥር ያለ ሰው አያውቅም። የሚነግረውም የለም።

ምሳ ላይ ኤልያና በትልቅ ሳሕን መረቅ ውስጥ የተነከረ ወፍራም ፓስታ አስመጣች።

«አያቴ፣ ይኼ ጾም ነው። ዱቄት ኦንሊ።»

«መረቁስ?»

«መረቁ ውሃ ነው።»

«ውሃ ይሸታል?»

«ዓሣውን እኮ አውጥተውታል። ፍሌቨሩ ብቻ ነው የቀረው።»

«እኔ የምጾመው ፍሌቨሩን ነው» አልኋት። ጨው የነሰነስሁበት ሩዝ በላሁ።

ፋናዬ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊቷን በሶፍት ያዘች።

«ምን ሆንሽ?»

«አቃጠለኝ።»

ጠረጴዛው ላይ በርበሬም ቃሪያም አልነበረም።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ በኋላ ስመረምረው አንድ ነገር እንዳይጎድል።

ከጎዳናው ወደ ጫፉ፣ ከተዘጉ ሱቆች መሐል፣ አንድ የባርኔጣ ሱቅ አየሁ። ጥንታዊ ነው። ባርኔጦቹ በእንጨት ራስ ላይ ተደርድረዋል። ሰውየው በእኔ ዕድሜ ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። መስተዋቱ ላይ አንዲት የጣት አሻራ የለም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ የባሰ ጠንቃቃ ሰው አየሁ።

«የዘርይሁንን ባርኔጣ ከዚህ ነው የምገዛው» አልሁ።

ልጄና የልጅ ልጄ ተያዩ።

«እማዬ፣ ሌላ ቀን» አለች ፋናዬ።

«ቃል ሰጥቻለሁ። በግንቦት ካልመጣ በሰኔ ይመጣል፤ ራሱን ገልጦ አይመጣም።»

ግራጫ መረጥሁ፤ ጠርዙ ሰፋ ያለ። ሰውየው ሜትሩን አንሥቶ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ልኩን መሆኑ ገባኝ። «ለብሩክታዊት ደውሉና ራሱን ትለካልን» አልሁ። ማንም ስልክ አላወጣም። ኤልያና እናቷን አየች። ፋናዬ «ስድሳ በይው» አለችና ወጥታ ሄደች። የአጎቷን የራስ ልክ ከየት አወቀችው? በመስተዋቱ አየኋት፤ ማዶ ካለ ከተዘጋ ሱቅ ፊት ቆማ የብረት መዝጊያውን ትመለከታለች።

ሰውየው እንደገና ጠየቀ።

«ምን ይላል?» አልሁ።

«ልክ ካልሆነ... ሰውየው ራሱ ይመጣል ወይ ነው የሚለው፣ አያቴ።»

«ካናዳ ድረስ ነው የሚመጣው፣ እዚህ አይደርስም በይው።»

ኤልያና መለሰችለት። እኔ ካልሁት ረዘም አለ። ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጋ ስለነበር ጆሮዋን አየሁት፤ አልቀላም። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ለኤልያና አይደለም፤ ለእኔ። በዚህ አገር ካየሁት እጅ መንሣት ሁሉ የረዘመ ነበር። ባለ ሱቅ እንዲህ የሚያጎነብሰው አንድ እንከን ሲደብቅ ነው። ባርኔጣውን ተቀብዬ ስፌቱን በጣቴ ዞርሁት። እንከን የለበትም።

ከእኛ በፊት ለገዛችው ሴት ሣጥኑን በቀይና ነጭ ጥብጣብ አስሮ ነበር። ለእኛም ያንኑ ጥብጣብ አውጥቶ ነበር፤ ከኤልያና ንግግር በኋላ ወደ መሳቢያው መለሰው። የእኛን በነጭ ወረቀት ብቻ ጠቀለለው።

«ጥብጣቡስ?» አልሁ።

«አያቴ፣ ይቅር። ፕሊስ።»

በጣቴ ወደ መሳቢያው አመለከትሁት። ኤልያናን አየ። እንደገና አጎነበሰ። አልሰጠኝም።

ለሷ ሲሆን ጥብጣብ፣ ለጥቁር አሮጊት ሲሆን ወረቀት። ምን እንዳለችው ኤልያናን ሶስት ጊዜ ጠየቅኋት። «ስጦታ ነው አልሁት» አለች። ያን ጊዜ ጆሮዋ ቀላ።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

የኤልያና ቤት ግድግዳ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ከመታጠቢያው ማዶ ይነጋገራሉ።

«ማሚ፣ ኢትስ ኖት ፌር። ንገሯት። እኔ እንደዚህ ፌክ ማድረግ አልችልም።»

«እዚህ ማን አለን? ሰው በሌለበት አይሆንም። ቤቷ፣ በሰው መሐል ነው። አባ ራሳቸው እንዲያ ብለዋል።»

የነፍስ አባቴም አሉበት። ለካ ቄሱንም ይዘዋል።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ። ቶሮንቶ

ቤቴ ቦታው ላይ ነው። ዕቃው አልተነካም። ባርኔጣውን ከነወረቀቱ ዘርይሁን አልጋ ላይ አኖርሁት።

ለሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ልሄድ አስቤ ነበር። ፋናዬ «ሰው ይበዛል፣ ዓይንሽን ይነኩብሻል» አለች። ሶስተኛ እሑድ ልታስቀረኝ ነው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ስካርቦሮ ፈሰክን። ዶሮው ጨው አንሶታል። ፋናዬ በማድ ቤት ስሕተት አትሠራም፤ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። ብሩክታዊትን በስልኳ አገናኘችኝ።

«አባትሽን አቅርቢልኝ።»

«ተኝቷል፣ አክስቴ።»

«በፋሲካ ምድር?»

መስመሩ ተቋረጠ አሉኝ። መስመሩ ደኅና ነበር፤ ፋናዬ ናት የዘጋችው፤ አውራ ጣቷን አየሁ።

በዚህ ዓመት እኔ ልደውልለት ይገባ ነበር። ታናሽ ይደውል እያልሁ።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ፋናዬ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ሆና ስትደውል ሰማሁ። አስቤ አይደለም፤ ፎጣ ላቀብላት ነበር።

«ጠብታዋን ትጨርስ። ዳግም ትንሣኤ ይለፍ። አዎ፣ ቅዳሜ፣ ሰው ሥራ የማይገባበት ነው። በጠዋት። ስንት ሰው ትሆናላችሁ?... ይበቃል፣ ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ሶፋውን ገፋ እናደርገዋለን።»

ሊያስጎበኙት ነው። በቅዳሜ፣ በጠዋት፣ ሶፋዬን ገፋ አድርገው። ዓይኔ እስኪድን የሚጠብቁት እንድፈርምላቸው ነው።

ጽሕፈቴ ያስጠላል።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ፊት ለፊት ነገርኋት።

«ቤቴን አልሸጥም።»

«ማን ሽጪ አለሽ?»

«ቅዳሜ ሰው እንደሚመጣ ሰምቻለሁ።»

ፊቷ ነጣ። ወንበሩን ያዘች። ንጹሕ ሰው እንዲህ አይነጣም።

«ምን ሰማሽ? እማዬ፣ ሌላ ምን ሰማሽ?»

«የሚበቃኝን። ወንድሜን ያስቀራችሁትም ለዚሁ ነው። ዘርይሁን ቢኖር ኖሮ ይህን አታደርጉም ነበር።»

እዚህ ላይ ተቀመጠች። ትከራከረኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ልክ ነሽ፣ ቢኖር ኖሮ» ብቻ አለች። ጉልበቴን ይዛ ብዙ ቆየች። እጇን አነሣሁት። ስትሄድ ጫማዋን አላሰረችም።

ያን ያህል መጨከን አልነበረብኝም። ግን ማን ጀመረ?

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ቁልፍ ሠሪ አስመጥቼ የበሩን ቁልፍ አስለወጥሁ። ፋናዬ ያላት ከእንግዲህ ቁራጭ ብረት ነው። ለማንም አልነገርሁም። ጠብታው ዛሬ አለቀ።

ፋናዬ ደወለች። «ቅዳሜ ጠዋት የትም አትሄጂም አይደል?»

«ቤቴ ነኝ» አልሁ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ገና አልነጋም። ሊፍቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። በዚህ ፎቅ በቅዳሜ ጎሕ የሚነሣ ከእኔ በቀር የለም።

በሩ ላይ ቁልፍ ገባ። አልዞረም። እንደገና። «እምቢ አለኝ» ስትል ሰማኋት። አንድ ሰው «ቀስ በይ፣ እንዳትደነግጥ» አላት።

ገዢዎቼን ልያቸው ብዬ በመመልከቻው ቀዳዳ በአዲሱ ዓይኔ አየሁ።

ቤት የሚገዛ ሰው የለበትም። ፋናዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። አቢይ ክንዷን ይዟታል። የነፍስ አባቴ አሉ። ተናኜ አለች፤ ቅዳሜ ሱቋን ዘግታ የማታውቀው ተናኜ። ከእነሱ ኋላ እስከ ሊፍቱ ድረስ ጥቁር ካፖርት። ማንም አያወራም። ማንም አያንኳኳም።

ከበሩ ተመለስሁ። እየጻፍሁ ያለሁት ቆሜ ነው።

ባርኔጣ ሻጩ ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር። ኤልያና ፊቴ ላይ፣ በማልሰማው ቋንቋ፣ እውነቱን ነግራዋለች፤ ሌላ ቦታ መናገር አልተፈቀደላትም። ጥብጣቡ ለደስታ ነው። መጀመሪያ ያጽናናኝ ያ ሰው ነው። እኔ ጥብጣብ ጠየቅሁት።

ጥቁሩን ቀሚስ ለበስሁ። ጠርዙ በደንብ ተሰፍቷል። የዘርይሁንን ፍራሽ ከአልጋው አውርጄ ሳሎን መሬት ላይ ዘረጋሁ፤ ከባድ አታንሺ የተባልሁበት ጊዜ አልፏል። ሶፋውን ገፋ አደረግሁት። ባርኔጣውን ከወረቀቱ አውጥቼ ራስጌው አኖርሁ።

አሁንም አላንኳኩም። ፋናዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች፤ በበሩ ይሰማኛል። የሞተባት አጎቷ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ ፊት አንድ ቀን አላለቀሰችለትም። አለርጂ ነው አለችኝ። አቃጠለኝ አለችኝ።

ልጄን በር ላይ አቁሜያታለሁ። ልክፈትላት።